ባዶው አድራሻ፦ የኔትወርክ ኮድ ለምን ይወድቃል፣ ጥገናውስ ሞያሌ እንዴት ይደርሳል?

ሞያሌ ላይ መብራቱም ኔትወርኩም ድንበር አያውቅም። በማርሳቢት ካውንቲ ጫፍ ያለችው የኬንያዋ ሞያሌ ለዓመታት መብራቷን ስታገኝ የኖረችው ከኢትዮጵያ መስመር ነው። በኢትዮጵያ በኩል ያለው ነጋዴ ደግሞ ሳፋሪኮም በኢትዮጵያ ፈቃድ ከማግኘቱ ከብዙ ጊዜ በፊት የኬንያ ሲም ይዞ በኤምፔሳ ይገበያይ ነበር። ሞምባሳ ላይ ከባሕር የሚወጣው ኢንተርኔት በፋይበር ወደ ሰሜን ተጉዞ እዚህ ይደርሳል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ከጅቡቲው መስመር ጎን ለጎን በዚህ በኩል ከዓለም ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 2020 ኡሁሩ ኬንያታና ዐቢይ አሕመድ በመረቁት የጋራ የድንበር ኬላ የሁለቱ አገር የጉምሩክና የኢሚግሬሽን ሠራተኞች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሠራሉ፤ ሥራቸውም መስመር ከሌለ አይንቀሳቀስም። "ሲስተም የለም" የምትለው አጭር መልስ ስትመጣ የጭነት መኪናው ተሰልፎ ይቆማል፣ ሾፌሩም እዚያው ያድራል።

ከዚያች መልስ ጀርባ ብዙ ምክንያት አለ። ፋይበር ይቆረጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ ማማው ይጨናነቃል፣ ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ ያለው ሰርቨር ይተኛል። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ከእነዚህ ሁሉ ስሙ እምብዛም የማይነሳውን ነው፤ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የኔትወርክ ኮድ ባዶ አድራሻ ሊያነብ ሄዶ መሣሪያውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆምበትን። ፕሮግራመሮች ነል ፖይንተር ይሉታል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።)

ፕሮግራም መረጃን የሚያገኘው በአድራሻ ነው። ሜሞሪ ውስጥ እያንዳንዱ ቦታ ቁጥር አለው፤ ያንን ቁጥር የያዘ ተለዋዋጭ ፖይንተር ይባላል። ገና ምንም ካልተመደበለት፣ ወይም ይጠቁም የነበረው ነገር ከፈረሰ፣ ውስጡ ዜሮ ይደረጋል። መድረሻው ያልተሞላ የጭነት ሰነድ እንደማለት ነው፤ ሰነዱ አለ፣ መኪናውም አለ፣ የሚሄድበት ግን የለም። ያንን ቁጥር ሳያዩ ተከትለው ሲሄዱ ፕሮሰሰሩ እንዲህ ያለ ቦታ የለም ብሎ ያቆማል። ተራ አፕሊኬሽን ከሆነ እሱ ብቻ ይዘጋል፣ ስልኩ ይቀጥላል። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነሉ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በኔትወርክ ኮድ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሊኑክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም አንድ ስህተት ሲያገኝ መጀመሪያ የሚሞክረው ያንን ሥራ ያዘዘውን ፕሮግራም ገድሎ ሌላውን ማትረፍ ነው። ከውጭ የሚመጣ ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) ግን ብዙ ጊዜ ማንም አላዘዘውም፤ የኔትወርክ ካርዱ ፕሮሰሰሩን አቋርጦ ነው የሚያስተናግደው። በዚያች ቅጽበት ስህተት ከተፈጠረ ተገድሎ ሌላውን የሚያድን ፕሮግራም የለም። ስለዚህ ከርነሉ ራሱ ይቆማል፣ ራውተሩም ሰርቨሩም ከነሙሉ ሥራው ይወድቃል።

ባዶ ፖይንተርን ወደ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ያስገባው እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር ነው፤ አልጎል ደብሊው ለተባለው ቋንቋ በ1965። በ2009 ለንደን በተካሄደ የሶፍትዌር ጉባኤ ላይ የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ ብሎ ጠርቶታል። ያስገባውም ለመሥራት በጣም ቀላል ስለነበረ መሆኑን ተናግሯል። እኔ ግን ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ መጫን ልክ አይመስለኝም። "እዚህ ምንም የለም" ማለት የሚያስፈልግበት ጊዜ በእርግጥ አለ፤ ሞደሙ ካልተሰካ የሞደሙ አድራሻ ምን ሊሆን ይችላል? ጥፋቱ ባዶነትን መፍቀዱ ላይ ሳይሆን፣ ባዶ ሊሆን የሚችለውንና የማይችለውን አድራሻ በዓይን የሚለይ ምልክት አለመኖሩ ላይ ነው።

እንዲህ ዓይነት ውድቀት እንዴት እንደሚጠገን ለማወቅ እውነተኛ ጥገናዎችን አንድ በአንድ ማየት ይሻላል። ብዙ ሰው የሚገምተው መልስ አንድ ነውና፦ "ባዶ ከሆነ ተመለስ" የሚል መስመር ጨምር፣ አለቀ። ታሪኩ እንዲህ አይልም።

2009 ለሊኑክስ ከባድ ዓመት ነበር። ቱን የሚባለው ድራይቨር ቪፒኤን ለሚጠቀም ሁሉ የታወቀ ነው፤ እውነተኛ ካርድ ሳይኖር በሶፍትዌር ብቻ የኔትወርክ ካርድ ይፈጥራል። በዚያ ድራይቨር ውስጥ አንድ ፈንክሽን ባዶነትን ይመረምር ነበር። ችግሩ ከምርመራው በፊት ባለው መስመር ላይ ያንኑ አድራሻ ተጠቅሞበታል። ይህ ለዓይን ትንሽ የቅደም ተከተል ስህተት ነው። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ጂሲሲ ኮምፓይለር ግን እንዲህ ብሎ አሰላ፦ አድራሻው ቀድሞ ሥራ ላይ ከዋለ ባዶ ሊሆን አይችልም፤ ባዶ ካልሆነ ምርመራው ትርፍ ነው፤ ስለዚህ ይውጣ። ምርመራው በጽሑፉ ላይ እያለ ከሚሠራው ፕሮግራም ውስጥ ጠፋ። የደኅንነት ተመራማሪው ብራድ ስፔንግለር በጁላይ ወር ያሳየው ደግሞ ይህ ተራ መውደቅ ብቻ አለመሆኑን ነው። አጥቂው በዜሮ አድራሻ ላይ የራሱን ሜሞሪ ማስቀመጥ ከቻለ ከርነሉ ያንን እንደ ራሱ መረጃ ያነበዋል፤ መጨረሻውም ማሽኑን ሙሉ በሙሉ መቆጣጠር ነው። ጥገናው አንድ መስመርን ከምርመራው በፊት አንስቶ ከምርመራው በኋላ ማስቀመጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሊኑክስ ሲዘጋጅ ኮምፓይለሩ የባዶነት ምርመራዎችን እንዳያወጣ በግልጽ ይታዘዛል።

ወር እንኳ በወጉ ሳይሞላ፣ በኦገስት፣ የጉግሎቹ ታቪስ ኦርማንዲና ዡልየን ቲኔ ሌላ ክፍተት አወጡ። ከ2001 ጀምሮ የወጡት የሊኑክስ 2.4 እና 2.6 እትሞች በሙሉ የተሸከሙት ነበር። እያንዳንዱ የኔትወርክ ፕሮቶኮል ለከርነሉ የሥራ ዝርዝሩን ያስመዘግባል፤ ይህን ስትፈልግ እዚህ ጥራኝ፣ ያንን ስትፈልግ እዚያ ጥራኝ እያለ። ፋይልን በቀጥታ ወደ ኔትወርክ የሚልከው ሥራ ሲጨመር፣ እንደ አፕልቶክና ኤክስ 25 ያሉ ማንም የማያስታውሳቸው ፕሮቶኮሎች ያንን ቦታ ሳይሞሉ ቀሩ። ጠሪው ኮድም ሁሉም ሞልቷል ብሎ አምኖ ይጠራ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም አላየውም፣ ምክንያቱም በየቀኑ የሚሠራባቸው ፕሮቶኮሎች ቦታውን ሞልተውታል። ጥገናው ጥሪው ሁሉ ቦታው መሞላቱን በሚያረጋግጥ አንድ በር በኩል እንዲያልፍ ማድረግ ሆነ።

ለሞያሌ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው የ2014 ጉዳይ ነው። በ4ጂ ኔትወርክ ማማው ከኦፕሬተሩ ማእከል ጋር የሚነጋገርበት የቁጥጥር መልእክት የሚጓዘው ኤስሲቲፒ በሚባል ፕሮቶኮል ላይ ነው። ስልኩ ገባ፣ ስልኩ ወጣ፣ ይህን መስመር ክፈትለት የሚሉት መልእክቶች ሁሉ በእሱ ያልፋሉ። በዚያ ዓመት በሊኑክስ የኤስሲቲፒ ኮድ ውስጥ ሁለት የባዶ አድራሻ ውድቀቶች ተገኙ፤ ሁለቱም ከሩቅ በሚላክ ፓኬት የሚቀሰቀሱ ናቸው። በመጀመሪያው፣ ሁለት ማሽኖች ሲተዋወቁ አንዱ የማረጋገጫ ፊርማ እንደማይጠቀም ገልጾ፣ ቀጥሎ ግን ፊርማ ያለበት መልእክት ይልካል። ተቀባዩ ፊርማውን ሊመረምር ቁልፉን ይፈልጋል፣ ቁልፉ አልተዘጋጀም፣ አድራሻው ዜሮ ነው፣ ከርነሉ ይቆማል። የጠገነው የሬድ ሃቱ ዳንኤል ቦርክማን ነው። እሱ ያስገባው ምርመራ "ቁልፉ ባዶ ነው ወይ?" ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው "እኛና ያኛው ወገን ፊርማ ለመጠቀም ተስማምተን ነበር ወይ?" ብሎ ነው። ካልተስማሙ መልእክቱ ይጣላል። ይህ ልዩነት ለእኔ የጠቅላላው ጉዳይ እምብርት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ውድቀቱን ብቻ ይሸፍናል፤ ሁለተኛው የተጣሰውን ሕግ ያስከብራል።

ሁለተኛው የባሰ ረቂቅ ነው። ሁለቱ ማሽኖች በአንድ ጊዜ፣ ከሁለት አቅጣጫ፣ እርስ በርስ እንተዋወቅ ይባባላሉ። ኤስሲቲፒ ይህን ግጭት የሚፈታበት መንገድ አለው፤ የአዲሱን ትውውቅ ዝርዝር ወደ አሮጌው ይገለብጣል። ሲገለብጥ ግን "ይህ ወገን ፊርማ ይችላል" የምትለው አንዲት ምልክት ተረስታለች። ከዚያ በኋላ ያለው ኮድ ሁሉ በተሳሳተ እምነት ይሠራና በመጨረሻ ባዶ አድራሻ ላይ ይወድቃል። የጥገናው ዋና ነገር የተረሳችውን ምልክት የሚገለብጥ አንድ መስመር ነበር። በውድቀቱ ቦታ ላይ ምርመራ ጨምሮ ያለፈ ሰው ቢኖር ኖሮ መሣሪያው አይወድቅም ነበር፤ ግን ፊርማ ይፈተሽ የተባለ ግንኙነት ሳይፈተሽ ወይም ሳይሠራ ይቀር ነበር፣ ማንም ደግሞ ለምን እንደሆነ አያውቅም።

ሊኑክስን ብቻ ማንሳት እንዳይመስል፦ በ2019 አርሚስ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በቪኤክስወርክስ ላይ 11 ክፍተቶችን አውጥቷል። ቪኤክስወርክስ በፋብሪካና በሆስፒታል መሣሪያዎች፣ በፋየርዎልና በፕሪንተር ውስጥ የሚገኝ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ከ11ዱ አንዱ ኔትወርክ ላይ የቡድን መልእክትን በሚያነበው ክፍል ውስጥ ያለ የባዶ አድራሻ ውድቀት ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ዝና ያለው፣ በየቀኑ ግን የሚበዛው፣ የመቀዳደም ችግር ነው። አንደኛው የፕሮሰሰር ክፍል ፓኬት ተቀብሎ እያስተናገደ ሳለ ሌላኛው የኔትወርክ ካርዱን እያፈረሰ ነው እንበል። ከርነሉ የካርዱን የአይፒ ቅንብር ሲያፈርስ አድራሻውን ዜሮ ያደርገዋል። ፓኬቱን የያዘው ወገን በዚያች ቅጽበት ሊያነበው ይሄዳል። እዚህ ላይ ምርመራ ብቻውን አያድንም፤ ሲመረምር ሞልቶ የነበረው ሲጠቀምበት ባዶ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው መንገድ አድራሻውን አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ መያዝ፣ የያዙትን መመርመር፣ የያዙትን መጠቀም ነው። በተጨማሪም እያነበበ ያለ ሁሉ እስኪጨርስ ድረስ ሜሞሪው እንዳይለቀቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ሊኑክስ አርሲዩ የሚባል ስልት አለው፤ ፕሮግራመሩ ፖል ማኬኒ የታወቀበት፣ ከ2002 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ ያለ። ሌላው የተለመደ ምክንያት ደግሞ መነሻ ላይ ነው፤ ድራይቨሩ መረጃውን ሳያዘጋጅ ለካርዱ "ፓኬት መላክ ትችላለህ" ይለዋል። እዚህም መድኃኒቱ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል እንጂ ምርመራ መደርደር አይደለም።

ሞያሌን የመሰለ ቦታ ከዚህ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ብርድ ባለበት የመረጃ ማእከል የተቀመጠ ሰርቨር የኔትወርክ ካርዱ በዓመት አንድ ጊዜ ቢነቀል ነው። መብራት በሚንቀጠቀጥበት ሱቅ ውስጥ ግን ዩኤስቢ ሞደሙ ኃይል ሲያንሰው ይጠፋል፣ መልሶ ይመዘገባል፣ እንደገና ይጠፋል። ሁለት ሲም ያለው ራውተር ከአንዱ አገር ኔትወርክ ወደ ሌላው ሲዞር መስመሩን አፍርሶ ይሠራል። ካርድ የሚፈርስበትና የሚሠራበት ቅጽበት በበዛ ቁጥር ያቺ ጠባብ የመቀዳደም ክፍተት የመገኘት ዕድሏ ይጨምራል። ስለዚህ አምራቹ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያላየውን ስህተት የድንበር ከተማ ሊያየው ይችላል። ይህ እምነቴ ብቻ አይደለም፤ የዩኤስቢ ድራይቨሮች ከርነሉ ውስጥ ደካማ ቦታ መሆናቸው በተደጋጋሚ ታይቷል። በ2017 ተመራማሪው አንድሬ ኮኖቫሎቭ ሲዝካለር በተባለ መሣሪያ ሲፈትሻቸው በርካታ ስህተት ነው ያወጣው፤ ከእነዚህ አንዱ በአሲክስ ቺፕ በሚሠሩት የዩኤስቢ ኔትወርክ ማገናኛዎች ድራይቨር ውስጥ ያለ የባዶ አድራሻ ውድቀት ነበር።

ውድቀት ሲደርስ ከርነሉ ዝም ብሎ አይሞትም፤ ኑዛዜ ይተዋል። የትኛው አድራሻ ሊነበብ እንደነበረ፣ በየትኛው ፈንክሽን ውስጥ እንደነበረ፣ ወደዚያ ያደረሱት ጥሪዎች እነማን እንደሆኑ በዝርዝር ይጽፋል። አድራሻው ብዙ ጊዜ ራሱ ዜሮ አይሆንም፤ ለምሳሌ 56 ይሆናል። ይህ ማለት የመዝገቡ መነሻ ባዶ ነበር፣ የተፈለገው ደግሞ ከመነሻው 56 ባይት ርቆ ያለው መስክ ነው። የትኛው መዝገብ በ56ኛው ባይት ላይ ምን እንደሚይዝ የሚያውቅ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ባዶ የሆነውን ይለያል። ከዚያ ነው ከባዱ ሥራ የሚጀምረው፤ ማን ባዶ አደረገው፣ መቼ፣ ማድረግስ ነበረበት ወይ? ድሮ ይሠራ የነበረ ነገር ከሆነ ለውጦችን መሀል ለመሀል እየከፈሉ መፈተን ይቻላል፤ በአንድ የከርነል እትም ከ10,000 በላይ ለውጥ ቢኖር እንኳ በ14 ሙከራ ገደማ ጥፋተኛው ይገኛል። ከተገኘም በኋላ ጠጋኙ በጥገናው ላይ ስህተቱ በየትኛው ለውጥ እንደገባ ይጽፋል። ይህ ትንሽ ማስታወሻ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የቆዩ እትሞችን የሚጠብቁ ሰዎች ጥገናው የትኞቹን እንደሚመለከት የሚያውቁት በእሱ ነው።

እኛ ዘንድ ግን ያ ኑዛዜ አይነበብም። ራውተሩ ሲቆም ሁላችንም የምናውቀው መድኃኒት ነቅሎ መሰካት ነው። መስመሩ ይመለሳል፣ ሰው ወደ ሥራው ይሄዳል። ትንንሽ ራውተሮች ሎጋቸውን የሚያስቀምጡት መብራት ሲጠፋ በሚጠፋው ሜሞሪ ላይ ስለሆነ፣ ነቅሎ የሰካው እጅ ማስረጃውንም አብሮ ያጠፋዋል። ስህተቱ እንዳለ ይቀጥላል፣ "ኔትወርኩ ደካማ ነው" የሚል ስም ብቻ ይሰጠዋል። መፍትሔው ውድ አይደለም። ሊኑክስ የመጨረሻ መልእክቱን ዳግም ሲነሳ በማይጠፋ የሜሞሪ ክፍል ላይ የሚያስቀምጥበት፣ ወይም በኔትወርክ ወደ ሌላ ማሽን የሚልክበት መንገድ ለዓመታት አለው። ለድንበር መሥሪያ ቤትም ሆነ ለባንክ ቅርንጫፍ መሣሪያ የሚገጥም ባለሙያ ይህን ከፍቶ ቢሄድ፣ ቀጣዩ ውድቀት ቢያንስ ስም ይኖረዋል።

ቋንቋ ቢቀየርስ? የሚል ጥያቄ አለ፤ ክብደት ያለውም ነው። ረስት የሚባለው ቋንቋ በዲሴምበር 2022 በሊኑክስ 6.1 ወደ ከርነሉ ገብቷል። በረስት ባዶ ሊሆን የሚችል ነገር በዓይነቱ ይለያል፤ ባዶ ቢሆን ምን እንደሚደረግ ሳይጻፍ ኮዱ አይጠናቀቅም። ሆር ያላስቀመጠው ምልክት ይህ ነው። በ2024 በወጣው ሊኑክስ 6.8 ከገቡት የመጀመሪያዎቹ የረስት ኔትወርክ ድራይቨሮች አንዱ ለዚያው ለአሲክስ ቺፕ የተጻፈ መሆኑ ደስ ያሰኛል። ሆኖም ከርነሉ ውስጥ ያለው በሲ ቋንቋ የተጻፈ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር መስመር በቅርብ የሚተካ አይደለም። ረስትም ቢሆን ሰነፍ መልስን አይከለክልም። በኖቬምበር 2025 የኢንተርኔት አገልግሎት ኩባንያው ክላውድፍሌር በዓለም ዙሪያ ድረ ገጾችን ይዞ የወደቀው በረስት በተጻፈ ኮድ ነው፤ ጸሐፊው "ይህ አይሳሳትም" ብሎ ያለፈው ነገር ተሳስቶ። በዚያው ዓመት ጁን 12፣ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2፡45 ገደማ፣ ጉግል ክላውድ ላይ ባዶ መስኮች ያሉት አንድ ደንብ ገብቶ በሰከንዶች ውስጥ በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ፤ የሚያነበው ፕሮግራም በባዶ አድራሻ በየቦታው ወደቀ። ጉግል ምክንያቱን በ10 ደቂቃ ውስጥ ለይቶ ያንን የኮድ መንገድ ወደ መዝጋት ገብቷል፤ ማጥፊያውን ለየቦታው አዘጋጅቶ ለማሰራጨት ግን 40 ደቂቃ ያህል ፈጀበት።

10 ደቂቃ! ይህን ቁጥር ከእኛ ሁኔታ ጋር ሳስተያይ ነው ነገሩ የሚያሳስበኝ። የኤስሲቲፒው ጥገና በ2014 ተጽፏል፣ የአሲክሱም በ2017። በከርነሉ ዋና ማኅደር ውስጥ ያሉት እነዚህ ጥገናዎች ወደ አንድ የተወሰነ ራውተር የሚደርሱት ግን አምራቹ አዲስ ሶፍትዌር ካወጣ፣ የገዛው ሰው ካወረደና ካስገባ ነው። አምራቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሞዴሉን መሸጥ ሲያቆም ማሻሻያውንም ያቆማል፤ መሣሪያው ግን በሁለተኛ እጅ፣ በሦስተኛ እጅ፣ ከናይሮቢ ወደ ኢሲዮሎ፣ ከኢሲዮሎ ወደ ሞያሌ ይመጣል። በከርነሉ ተንከባካቢዎች በኩልም የጥገናው ጊዜ አጥሯል። የሊኑክስ የረጅም ጊዜ እትሞች እስከ ስድስት ዓመት ይጠበቁ የነበረው በ2023 ወደ ሁለት ዓመት እንዲወርድ ተወስኗል፤ ተንከባካቢዎቹ ደክመዋል፣ የቆዩትን እትሞች የሚጠቀም ሰውም ጥቂት ነው ተብሎ። ልፋታቸውን አልነቅፍም። ያጠረውን ጊዜ መሸከም ያለበት ግን መሣሪያውን ሸጦ የሚያተርፈው ነው።

አውሮፓ ይህን በሕግ ይዞታል። የሳይበር ጽናት ሕጋቸው በዲሴምበር 2024 ጸንቷል፣ ዋና ግዴታዎቹ ከዲሴምበር 2027 ጀምሮ ይሠራሉ፤ ዲጂታል ዕቃ የሚሸጥ አምራች በመደበኛው ቢያንስ ለአምስት ዓመት የደኅንነት ጥገና እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ኬንያም ኢትዮጵያም የቴሌኮም መሣሪያ ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት የዓይነት ማረጋገጫ የሚሰጡ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣናት አሏቸው። ሁለቱ ባለሥልጣናት በዚያ ቅጽ ላይ ሁለት ጥያቄ በግዴታ እንዲያስገቡ እፈልጋለሁ፦ የመሣሪያው ከርነል እትም ስንት ነው፣ ጥገናውስ እስከ የትኛው ዓመት ይቀጥላል? መልሱ በካርቶኑ ላይ እንደ ቮልቴጁ ይታተም። ሞያሌ ላይ ሁለቱ አገሮች በአንድ ግቢ ውስጥ ዕቃ ስለሚፈትሹ፣ አንዱ የጠየቀውን ሌላው ለመቀበል ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ ቦታ የለም።